ሳይታጠብ የቀረው ነጠላ

ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ወርጄ የያዝኩት የባጃጅ ሾፌር ዋናው መንገድ ተቆፍሯል ብሎ በጋራዦቹ በኩል አዞረኝ። ከአንዱ ጋራዥ በር ላይ ዝናብ የሞላው በርሜል ቆሟል፤ ውስጡ የትራክተር ቁርጥራጭ ተዘፍዝፎ ዝጓል። ከአጠገቡ አንዲት ጠላ ሻጭ የማሽላ አተላዋን ደፍታለች። ዝገቱና አተላው ተቀላቅሎ ሲሸተኝ «አቁም እስቲ» አልኩት። ልጁ ላስታውክ መስሎት ደንግጦ አቆመ። ምን ብዬ ላስረዳው? ሌላው ሰው የልጅነት ቤቱን በቅቤና በበርበሬ ሽታ ያስታውሳል፤ እኔ በዛገ ብረትና በኮመጠጠ አተላ ነው የማስታውሰው። «በል ንዳው» አልኩት።

የመጣሁት አክስቴ እትዬ ደብሪቱ ደውለው «እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ ነጠላሽን መጥተሽ ውሰጅ» ስላሉኝ ነው። ስለ ነጠላው ለመናገር ግን ወደ ልጅነቴ መመለስ አለብኝ።

እትዬ ደብሪቱ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ትርንጎ የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ፎቶ አልነበራትም። ያደግሁት ሽንፋ አጠገብ፣ አባቴ ሰሊጥ ከሚያርሱበት መሬት ዳር ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስለ እናቴ ሲጠየቁ ግን ወይ ትራክተሩ ይበላሽባቸዋል ወይ ድንገት ውሃ ይጠማቸዋል። «ምን ትመስል ነበር?» ስላቸው «ሰው ነበረች» ይሉኛል። ይህንን ይዤ ስንት ዓመት ቆየሁ። ሰው ነበረች።

አስር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ በመስከረም፣ አባቴ «ቀለም ትቁጠር» ብለው ገንዳ ውሃ አክስቴ ዘንድ አመጡኝ። የሰሊጡ አጨዳ የሚጀመርበት ሰሞን ነበር። መንገዱ ከደጋ በሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ተሞልቷል፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጋቢያቸውን በዚያ ሙቀት ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ የሚቀጥራቸውን ሰው ይጠብቃሉ። አባቴ ከአይሱዙው አውርደው ለአክስቴ አስረከቡኝና ከሠራተኞቹ ጥቂቱን ጭነው ወዲያው ተመለሱ። ቀለም ያሉት የትምህርት ቤቱን ነበር። የአክስቴ ጓሮ ግን ከትምህርት ቤቱ የበለጠ ቀለም ነበረው።

ጓሮው ውስጥ ክዳን ያለው በርሜል አለ። በርሜሉ ውስጥ የማሽላ አተላ፣ በአተላው ውስጥ ደግሞ ያረጀ የማረሻ ዲስክ፣ ብሎን፣ ሰንሰለት፣ ከየእርሻው የተለቀመ ብረት ሁሉ ተዘፍዝፏል። ሲከፈት ዓይን ያስለቅሳል። በሌላ በኩል ጨባ የሚባለው ግራር ፍሬ በትልቅ ድስት ይፈላል። ጨርቁ መጀመሪያ በግራሩ ውሃ ይነከርና ይደርቃል፤ መልኩ ወተት የበዛበት ሻይ ይሆናል። ከዚያ የብረቱ ውሃ በሙጫ ይወፍርና በተቀረጸ እንጨት ጨርቁ ላይ ይታተማል። እንጨቱ ሲጫን ምንም የለም፤ ሲነሳ ጥቁሩ ቀስ እያለ ይመጣል። እኔ አክስቴ ጠንቋይ ናቸው ብዬ ሳልደብቅ ነግሬያቸዋለሁ። «ሽሽ! ቄሱ እንዳይሰሙሽ» ብለው ሳቁ።

በጎንደር ሴት ልብሷን ታስጠልፋለች እንጂ አታሳትምም። አክስቴ ይህን ከየት አመጡት? ከድንበሩ ማዶ የሚመጡት የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙበትን ቶብ፣ በአበባ ያጌጠውን ረጅም ጨርቅ፣ ገበያ ላይ ሲያዩ ኖረዋል። «እነሱ አበባቸውን ካተሙ እኛ ምን አጣን?» አሉ። ምን እንዳለን ሲያስቡ የእናቶቻችን አንገት ትዝ አላቸው። ንቅሳቱ። በአንገት ዙሪያ በእሾህና በጥላሸት የተወቀረው፣ አንዱ ረድፍ ነጠብጣብ፣ አንዱ ረድፍ መስቀል፣ አንዱ እንደ ዓሣ እሾህ። ያንን ከአንገት አንስተው ዋንዛ ላይ በቢላዋና በምስማር እየቀረጹ፣ ለቀሚስ ጠርዝ፣ ለሻሽ፣ ለትከሻ አደረጉት። የአንዷ አያት አንገት የሌላዋ የልጅ ልጅ ቀሚስ ጫፍ ላይ ይዞራል። የገንዳ ውሃ ቆነጃጅት መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ተሰለፉ።

የእሳቸው አንገት ግን ባዶ ነበር። ይህን ያወቅሁት ፀጉራቸውን ሲታጠቡ ነው። ሁልጊዜ በሻሽ ይሸፍኑታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ፈሪ ስለነበርሁ» አሉኝና ውሃ አምጪ አሉኝ። በዚህ ቤት ጥያቄ የሚያመጣው ውሃ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አባቴም እንደዚሁ።

ከደጋ ሠራተኛ ሲወርድ ምግብ የሚያበስሉላቸው ሴቶችም አብረው ይወርዳሉ። አክስቴ የሚጠብቁት እነሱን ነው። አጫጆቹን ባለእርሻ ይጠብቃል፤ ወጥ ሠሪዎቹን አክስቴ። አንገቷ ያማረ ሲያዩ መንገድ ላይ ሮጠው ይይዟታል። አንድ ቀን ንግሥት የምትባል ከላስታ የመጣች ወጣት ይዘው ገቡ። ምሳ አበሏት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጧት፣ ሻሿን ፈቱላት። ከዚያ የታጠበ ስስ ፕላስቲክ አንገቷ ላይ ለጥፈው በእስክሪብቶ ከሥር የሚታየውን መስመር ተከትለው ይስሉ ጀመር።

«እንዴ! አንገቴን ወስደው እኔስ በምን ልሄድ?» አለች ንግሥት እየሳቀች።

«በባዶሽ ትሄጃለሽ፤ ውበትሽ ይበቃሻል» አሉ አክስቴ።

እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ፕላስቲኩ ከአንገቷ ሲነሳ ጥቁሩ መስመር ሁሉ ፕላስቲኩ ላይ ነበር። ንግሥት ቶሎ ሻሿን ጠመጠመች። አክስቴ ንቅሳቱን ላጡት! በዚያ ዕድሜ ቀልድና እውነት የሚለይ ወንፊት የለኝም፤ «በባዶሽ ትሄጃለሽ» ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ፕላስቲኩንም አይቻለሁ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት እንደ መሄድ ሠራተኞቹ የሚቀጠሩበት ድረስ ሄድኩ። ንግሥት ድስት እያጠበች ነበር። ዞር ስትል ሻሿን ሳብ አደረግሁት። ንቅሳቱ አለ።

«አንች ቅልብልብ! ምን ሁነሽ ነው?»

«አልወሰዱብሽም?»

ነገሩ ሲገባት ድስቱን ጥላ ሳቀች፤ ከዚያ እጄን ይዛ አክስቴ ዘንድ መለሰችኝና «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ጠበቃዬ ናት» አለቻቸው። አክስቴ አልሳቁም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና የቀረጹትን እንጨት ከፕላስቲኩ ጋር አስተያዩኝ። አንድ ነጠብጣብ ጎድሏል።

«ሆን ብዬ ነው» አሉ። «የሰው አንገት ሙሉውን ገበያ አይወጣም። አንዷን ለባለቤቷ እተዋለሁ። ይኸው ነው ሥራዬ።»

ከዚያ ወዲያ እንጨቶቹን ሁሉ እያነሳሁ የጎደለችውን ነጠብጣብ መፈለግ ጨዋታዬ ሆነ። የማላገኝበት አንድ ብቻ ነበር። ያንን አይቼው አላውቅማ። ከአክስቴ አልጋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በነጭ ከረጢት ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ክታብ መስሎኝ ነበር። ከረጢቱን ስነካው ግን እንጨት እንጨት ይለኛል። «ይህስ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የእናትሽ።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ውሃ እንዳይልኩኝ።

አሁን ስለ ከርከዴው መናገር አለብኝ፤ የኋላው ጥፋት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው ብዬ ስለማምን። እኔ ከመምጣቴ በፊት ባለው ዓመት አክስቴ ቀይ አምሯቸው ለመጠጥ የሚፈላውን የከርከዴ አበባ አፍልተው ለአንዲት ሙሽራ ሙሉ ቀሚስ አተሙላት። ሲያዩት ደም የመሰለ ቀይ ነው አሉ። ሙሽራዋ በዚያ ሙቀት ስትጨፍር ላቧ ቀዩን አወረደው፤ ነጩ ቀሚስ ከደረት እስከ እግር ተዝረከረከ። ሰዉ እልል እንደማለት ሳቀ። አክስቴን «ደብሪቱ ለቃቂት» አሏቸው፤ ገበያ ላይ ሳይቀር ልጆች ተከትለው «ለቀቀ! ለቀቀ!» ይላሉ። ቀይ ከዚያ በኋላ ቤታቸው አልገባም። ወደ ብረቱ ጥቁር የዞሩት ያኔ ነው። ያም ሆኖ ለደንበኛ የታተመውን ጨርቅ ወንዝ ወስደን ስናጥብ ዓይናቸውን ከውሃው አይነቅሉም ነበር። ውሃው ትንሽ ሲጠቁር ፊታቸው አብሮ ይጠቁራል። «ትርፉ ነው እኮ የሚወጣው» ብዬ የሰማሁትን ብደግምላቸውም አያምኑኝም። «ለቀቀ» የሚለው ቃል በእኛ ቤት እንደ ስድብ ነበር።

ትርፉ ነው የሚወጣው የምትለው ነፊሳ ናት። ነፊሳ ከድንበር ማዶ ጨርቅ የምታመጣ ነጋዴ ናት፤ ጠና ያለች፣ ሂና የቀባች፣ ሳቋ ከጎረቤት የሚሰማ። አማርኛዋ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቄሱንም አክስቴንም እኔንም «አንቺ» ነው የምትለው፣ ስለዚህ እኔም «አንቺ» እላት ነበር፤ በዓለም ላይ አንቺ የምላት ብቸኛ ትልቅ ሴት። አያቷ ቆዳ ፋቂ ስለነበሩ የግራሩን ፍሬና የብረቱን ጠባይ ታውቃለች። በርሜሉን ከፍታ አሸተተችና «ደብሪቱ፣ ይህ ጠንካራ ነው። አንቺ ብዙ እጠቢ። ብረት ይበላል» አለች።

«ምን ይበላል?» አልኩ እኔ።

«ጨርቅ ይበላል። ዛሬ አይበላም፣ ነገ አይበላም። በኋላ ይበላል።»

እኔ በዚያ ሰሞን የበርሜሉን ክዳን በትልቅ ድንጋይ አጥብቄ እዘጋ ነበር። ውስጡ ያለው ብረት ጥርስ ያለው መሰለኝ። የታተመ ሻሽ ራሴ ላይ ማሰርም ፈራሁ፤ ጆሮዬን ቢበላውስ?

በኅዳር ንዳድ ያዘኝ። ቆላ ላይ ወባ ያልያዘው ልጅ የለም፤ አባቴ ቢኖሩ «ያልፍላታል» ብለው ወደ ሰሊጣቸው ይመለሱ ነበር። አክስቴ ግን እህታቸውን የቀበሩት በዚሁ በሽታ ነው። ኪኒኑን ከጤና ጣቢያ አምጥተው አፌን ይዘው አስዋጡኝ፤ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እያገላበጡ ተቀመጡ። በትኩሳቱ መሃል ግድግዳው ላይ ያለውን ከረጢት እያየሁ «እትዬ፣ የእናቴ አንገት እዚያ ውስጥ ነው የታሰረው?» አልኳቸው። ከሰማይ በታች የምፈራው ይህንን ነበር። ከንግሥት አንገት እንዳልተወሰደ አይቻለሁ፤ ከእናቴ ግን ማን ሻሿን ስቦ አየ?

አክስቴ አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ያቆዩት መጣ። «ልጇ ሳታየው ብትሞትብኝስ» እያሉ ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር። እኔ ግን የመሞት ሐሳብ አልነበረኝም፤ የሚያስለቅሳቸው ሙቀቴ መስሎኝ «በርዶልኛል» እላቸው ነበር።

ከበሽታው እንደተነሳሁ፣ አንድ ጠዋት፣ ከረጢቱን ፈቱት። እንጨቱ ከሌሎቹ ጠቆር ያለና ለስላሳ ነበር። ከሳጥናቸው ደግሞ አንድ ነጠላ አወጡ። ጥለት የለውም፤ ስስ ነው። «ጥጡን የፈተለችው እናትሽ ናት» አሉኝ። «አሸምኜ ላለብሳት ነበር። አልደረሰላትም።» ነጠላውን በግራሩ ውሃ ነከርነው፤ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነገሩኝ።

ሁለቱን እህትማማቾች እናታቸው በአንድ ቀን ነቃሽ ዘንድ ወሰደቻቸው። ታላቂቱ ደብሪቱ ቀድማ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያዋ እሾህ ስትነካት ተነሥታ ሮጠች። ተራራ አቋርጣ ሸሸች። ትንሿ ትርንጎ ግን ተቀምጣ ሁሉንም ረድፍ አስጨረሰች። ማታ ደብሪቱ አፍራ ስትመለስ ትርንጎ አንገቷ እንዳበጠ፣ ድምጿ እንደጎረነነ ጠበቀቻት። «ከታች፣ በመጨረሻ ያለችዋን ነጠብጣብ አየሻት? እሷን ላንች ነው ያስጨመርሁ። አንች የለሽም ብለው እንዳይሰድቡሽ» አለቻት።

«ስትሞት ሊገንዟት ሲሉ ‘አንድ ጊዜ’ አልኋቸው» አሉ አክስቴ። «ሴቶቹ አበደች አሉ። በፕላስቲክ አነሳሁት። ምንም አላስቀረሁበትም፤ ሙሉ ነው። ለዚህ ነው ገበያ ያልወጣው።»

እንጨቱን እያገላበጥኩ አየሁት። የጎደለች ነጠብጣብ የለም። ከታች በስተመጨረሻ፣ ከረድፉ ትንሽ ገንጠል ብላ፣ የአክስቴ ነጠብጣብ አለች። እናቴን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ብል አልዋሽም። አንገት ካለ፣ በላዩ ፊት አለ። ከዚያ ቀጥሎ በራሴ አሟላኋት፤ አገጯን ከአክስቴ፣ ዓይኗን ከንግሥት፣ ሳቋን ከነፊሳ አዋስኩላት።

አክስቴ ለዚያ ነጠላ የሠሩትን ጥቁር ለማንም ሠርተው አያውቁም። ከበርሜሉ ሥር ያለውን ዝቃጭ፣ ከሁሉም የከበደውን ቀዱ። ሙጫውን እኔ ወቀጥኩ። በነጠላው ጠርዝ መሃል፣ ሲለበስ አንገት ላይ በሚውልበት፣ እንጨቱን ጫኑና በቡጢ መቱት። ሲያነሱት ጥቁሩ መጣ፤ ረድፍ በረድፍ፣ ዓሣ እሾኩ፣ መስቀሉ፣ ነጠብጣቡ። እንደዚያ የጠቆረ ጥቁር አላየሁም። ከእንጨቱ አንድ ጥግ ብቻ ቀለሙ አልደረሰውም ነበርና የመጨረሻዋ ነጠብጣብ ደብዝዛ ወጣች።

«የእኔዋ ደበዘዘች» አሉ አክስቴ ተናደው። ደግመው ሊመቱ እጃቸውን አንሥተው ሳለ ቢንሻፈፍ የሌላው ረድፍ እንደሚበላሽ አሰቡና ተዉት። «ግድ የለም፤ የሷ ይድመቅ።»

ነጠላውን ገመድ ላይ ሰቀልነው። በማግሥቱ ነፊሳ መጣች። ገመዱ ሥር ገብታ ነጠላውን ከግራም ከቀኝም አየችው። ከዚያ «ይህን ንቅሳት ለቶብ ስጪኝ። የኻርቱም ሴቶች ይገድሉኛል» አለች፤ ይሻሙብኛል ማለቷ ነው። አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፊሳ ጠጋ ብላ ጥቁሩን በጣቷ ነካችና ፊቷ ተለወጠ።

«አልታጠበም?»

«አልታጠበም፤ አይታጠብምም።»

«ደብሪቱ፣ ዛሬ እጠቢ። እኔ እለምንሻለሁ። ቶቡን ተይው፣ ግን እጠቢ።»

አክስቴ ነጠላውን ከገመዱ አውርደው ደረታቸው ላይ አቀፉት። በዓይናቸው የዚያች ሙሽራ ቀሚስ እየዞረ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። የማንም ቀለም ይልቀቅ፤ የእህታቸው ግን ጠብታዋ ውሃ ውስጥ ስትሄድ ቆመው ማየት አልቻሉም። «የትርንጎ አይለቅም» አሉ። ነፊሳ «ኸላስ፣ በቃ» ብላ እጇን አራግፋ ወጣች። እኔ አክስቴን ደገፍኩ። ነፊሳ ቶቡን ስለከለከሏት የምትቀና መሰለኝ፤ ሂዳ እስክትርቅ በንቀት አየኋት። እንዴት ያለች ሞኝ ልጅ ነበርኩ።

ያን ዕለት አክስቴ ሌላም ነገር አደረጉ። እንጨቱን በመጥረቢያ ሰነጠቁት።

«እትዬ!»

«እኔ ብሞት ማን ይጠብቀዋል? አንዱ አንሥቶ በየሻሹ ይመታዋል፤ የአንዲት ሰው አንገት የመንደር መጫወቻ ይሆናል። የሷ ነጠላው ላይ አለ፤ ይበቃል።» ስንጣሪውን የግራሩ ፍሬ በሚፈላበት ድስት ሥር ጨመሩት። ዋንዛ ደህና ይነዳል። ፕላስቲኩማ በሙቀት ተኮማትሮ ከጠፋ ቆይቷል። እኔ እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እናቴን ከእንግዲህ ማንም አይሻማኝም።

በታኅሣሥ ሰሊጡ ተወቅቶ ሲያልቅ አባቴ ሊወስዱኝ መጡ። ከአይሱዙው ወርደው በአጥሩ በር ሲገቡ አክስቴ ነጠላውን ፀሐይ ሊያስነኩት አውጥተውት ነበር። አባቴ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ሮጬ ልጠመጠምባቸው ሄጄ ፊታቸውን ሳይ ቆምኩ፤ የተቆጡ መሰለኝ። ቀስ ብለው ተጠጉና ጥቁሩን ሳይነኩት፣ ከላይ ከላይ፣ በአየር ላይ በጣታቸው ተከተሉት። የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚዞር ያውቁታል። ጣታቸው የመጨረሻዋ የደበዘዘች ነጠብጣብ ላይ ሲደርስ «ይቺን አልረሳሻትም» አሉ ለአክስቴ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ውሃ ጠየቁ።

ነጠላውን ልውሰደው ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ግን «ልጅ ነሽ፤ እርሻ ላይ አይጥ አለ፣ አቧራ አለ። ስትዳሪ ትለብሽዋለሽ። እስከዚያ ከእኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቀለሉት፣ ብል እንዳይበላው ካፉር ጨመሩበት፣ ሳጥናቸውን ቆለፉ። አባቴም «እውነቷን ነው» አሉ። ሁላችንም የምናስበው ስለ አይጥ ነበር።

እነሆ ከብዙ ዓመት በኋላ ባጃጁ የአክስቴ በር ላይ አወረደኝ። በርሜሉ የለም፤ በቆመበት ዙሪያ መሬቱ እንደጠቆረ ቀርቷል። ነፊሳ ከማዶ መምጣት ካቆመች ቆይታለች፤ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። አክስቴ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው «ከስተሻል» አሉኝ። አልከሳሁም። ምሳ ሳይቀርብ ሳጥኑን አስከፈቱኝ። ቁልፉ ከአንገታቸው ክር ላይ ነበር።

ከረጢቱን ስፈታ የካፉሩ ሽታ ወጣ። ነጠላውን ስዘረጋው እንደ ደረቀ ቅጠል ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ጭኔ ላይ ጥቁር ብናኝ ረገፈ።

«ጥቁረቱ አለ?» አሉ አክስቴ።

ዓሣ እሾህ የነበረበት ቀዳዳ ነው። መስቀሉ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹ ተቀዳደው አንዱ ከሌላው ገጥሟል፤ የቱ መስመር የቱ ነጠብጣብ እንደነበር አይለይም። ጥቁር በነበረበት ሁሉ ጨርቅ የለም። ብረቱ በልቶታል፤ ዛሬ ሳይሆን፣ ነገ ሳይሆን፣ በኋላ። ላስታውሰው ሞከርኩ። ስንት ረድፍ ነበር? መስቀሉ ከላይ ነበር ወይስ ከመሃል? ያኔ ከዓይኔ የማይጠፋ የመሰለኝ ነገር አንዱም አልመጣልኝ አለ። አባቴ አሁን በሕይወት የሉም፤ በአየር ላይ የሚከተለው ጣት የለም።

«ንገሪኝ እንጅ፤ ለቀቀ እንዴ?»

እጃቸው መጣ። ጣታቸው ጠርዙን ይዞ ሄደና መጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ቆመ። ቀጥሎ ወዳለው ሄደ፣ ገባ። እስከ ዳር አላደረሱትም።

«ነፊሳ ብላኝ ነበር» አሉ።

«እትዬ፣ አንዷ አለች» አልኳቸው። እውነት ነበር። ከታች፣ በስተመጨረሻ፣ ቀለም ያነሳት የደበዘዘችው ነጠብጣብ ጨርቁ ላይ ጸንታ ቁጭ ብላለች። ጣታቸውን ይዤ አሳረፍኩላቸው። «የእርስዎዋ ናት።»

ብዙ ዳበሷት። ምን ሊሰማቸው ይችላል፤ ቀለም በጣት አይነበብም።

«የእኔዋን ምን ላድርጋት ልጀ?» አሉ። «የሷን ነበር እንጅ የፈለግሁ።»

አብረን አለቀስን። ከዚያ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና «በይ ውሃ አምጭ» አሉኝ። የጠማቸው መስሎኝ በጣሳ አመጣሁ። «በሳፋ» አሉ። «እንጠበው።»

የሚታጠብ ምን ቀረው! በሳፋ ውሃ አቀረብኩ። የተበላውን ወገን ጭኔ ላይ ይዤ ያቺ ነጠብጣብ ያለችበትን ብቻ ውሃው ውስጥ ነከርኩላቸው። አክስቴ እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ አድርገው አሿት።

«ውሃው ጠቆረ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሳፋው ሥር እንዳለ ይታያል።

«አልጠቆረም እትዬ» አልኳቸው። «አልለቀቀም።»